ከስፌት መኪናው ሥር የወደቀው ብጣሽ

ሐረር ጁገል ውስጥ፣ ከፈረስ መጋላ ወደ ጊዲር መጋላ የምትወስደው ጠባብ መንገድ መኪና ግርግር ትባላለች። ስሟን ያገኘችው ከስፌት መኪኖቹ ድምፅ ነው። ግራና ቀኝ ልብስ ሰፊዎች በር ላይ ተቀምጠው ፔዳል ይረግጣሉ። እኔም እዚያ አንድ የቆየ ልብስ ሰፊ አለኝ። ሱሪ ላሳጥር ብዬ እሄድና ወሬው ይዞኝ ከሰዓቱ ያልቃል።

ባለፈው ጊዜ ግን ሰውዬው ለወሬ አልነበረም። የባቢሌ ኦቾሎኒውን በወረቀት ጥቅልል መሐላችን አስቀመጠና ስልኩን አውጥቶ ሰጠኝ። የእህቱ ልጅ የላከለት ማስታወቂያ ነው። «ካንሰርን በአር ኤን ኤ ከሥሩ የሚነቅል አዲስ ሕክምና» ይላል። ከታች የውጭ አገር ስልክ ቁጥርና በዶላር የተጻፈ ዋጋ አለ። ታላቅ ወንድሙን በጉበት ካንሰር ከቀበረ ገና ዓመት አልሞላውም።

«አቦ፣ ይሄ ነገር ያኔ ነበረ እንዴ? ሳናውቅ ነው ያመለጠን?» አለኝ። «አንተ ባዮሎጂ አይደል የምታስተምረው? አስረዳኝ።»

እኔም «አንተ» ነው የምለው፤ በዕድሜ አባቴ ቢሆንም። የአዲስ አበባ ሰው ይሄን ሲሰማ ይደነግጣል። ሐረር ላይ ግን ትልቅ ሰውም «አንተ» ነው፤ ንቀት የለበትም።

አጭሩ መልስ «አልነበረም፣ አሁንም የለም» ነው። ረጅሙ መልስ ሁለት ከሰዓት ፈጀብን። እዚህ የምጽፈው ረጅሙን ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከደብተሩ እንጀምር። ይሄ ሰው ከመሳቢያ የማይወጣ አንድ ወፍራም ደብተር አለው። የደንበኞቹ ልኬት በሙሉ እዚያ ነው። ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ፣ ቁመት። ደብተሩን ለማንም አይሰጥም። ሥራ ሲመጣ የሚፈልገውን መስመር ብቻ በቁራጭ ወረቀት ላይ ይገለብጥና መኪናው ላይ ለተቀመጠው ልጅ ያቀብለዋል። ልጁ ወረቀቱን እያየ ይሰፋል። ልብሱ ሲያልቅ ወረቀቱ ይጣላል።

ሕዋሳችንም እንደዚሁ ነው የሚሠራው። ደብተሩ ዲ ኤን ኤ ነው፤ የሕዋሱ አስኳል ውስጥ ተቆልፎበት ይኖራል። ቁራጭ ወረቀቱ አር ኤን ኤ ነው። መኪናው ራይቦዞም ይባላል። ልብሱ ፕሮቲን ነው። ምግብ የሚፈጨው፣ ጡንቻ የሚያንቀሳቅሰው፣ ሕዋስ እንዲከፈል ወይም እንዲያርፍ የሚያዘው፣ አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው ፕሮቲን ነው።

እስከዚህ ድረስ ክፍል ውስጥ የማስተምረው ነው። ደብተሩ ሲገለጥ ግን ግራ የሚያጋባ ነገር ይመጣል። የሰው ደብተር 3 ቢሊዮን ገደማ ፊደላት አሉት። የፕሮቲን ልኬት የሆነው ግን ከመቶ 2 እንኳ አይሞላም። ፕሮቲን የሚያሠሩ ዘረ-መሎቻችን 20,000 ገደማ ናቸው። አፈር ውስጥ የምትኖር፣ ርዝመቷ አንድ ሚሊ ሜትር የሆነች ትልም የዚያኑ ያህል አላት። እኛና ትሏ በልኬት ብዛት አንበላለጥም ማለት ነው።

ታዲያ የቀረው ምንድነው? ሱሱሙ ኦኖ የሚባል ሳይንቲስት በ1972 «ቆሻሻ ዲ ኤን ኤ» የሚለውን አጠራር አስፋፋ። ስሙም ተለጠፈ፣ ለብዙ ዓመትም አልለቀቀም።

ይሄን ስነግረው ሰውዬው ጎንበስ አለና ከመኪናው ሥር የወደቀውን ብጣሽ ጨርቅ በእግሩ ገፋ አደረገ። «ይሄንንም ቆሻሻ ይሉታል፤ እኔ ግን አልጥለውም» አለ። አንዱ ብጣሽ ጨርቁ እንዳይቀደድ ከቁልፍ ጀርባ ይገባል። አንዱ ኪስ ውስጥ ይሰፋል። አንዱን በመርፌ ቀሚሱ ላይ ይሰካዋል፤ ልጁ ያንን ሲያይ «ይሄ ይቆይ፣ አትስፋው» ማለት እንደሆነ ያውቃል። «የቀረው እውነትም ቆሻሻ ነው፣ ማታ እጠርገዋለሁ።»

ሳይንሱም የደረሰው እዚያው ነው። የደብተሩ አብዛኛው ክፍል ወደ አር ኤን ኤ ይገለበጣል፤ ፕሮቲን ግን አይሠራበትም። በ2012 አንድ ትልቅ ዓለም አቀፍ ጥናት ከዲ ኤን ኤያችን 80 ከመቶው «ሥራ አለው» ብሎ ነበር። ወዲያው ክርክር ተነሳ። መገልበጥ ብቻውን ሥራ አይደለምና። እኔም ከተከራካሪዎቹ ጋር ነኝ። ቆሻሻ ያልነው ሁሉ ወርቅ ሆነ ማለት አንዱን ስህተት በሌላ ስህተት መተካት ነው። ከእነዚህ ፕሮቲን አልባ አር ኤን ኤዎች ጥቂት የማይባሉት ግን ትልቅ ሥራ እንደሚሠሩ ተረጋግጧል። ዋናው ሥራቸው ደግሞ ያ በመርፌ የተሰካው ብጣሽ የሚሠራው ነው። ይሄ ይቆይ፤ ያኛው ይቀንስ።

የመጀመሪያው የተገኘው በዚያችው ትል ውስጥ ነው፣ በ1993። ቪክተር አምብሮስና ጋሪ ሩቭኩን የትሏን አስተዳደግ የሚያዛባ አንድ ዘረ-መል ሲከታተሉ ፕሮቲኑን አጡት። ያገኙት 22 ፊደል ብቻ ያላት አር ኤን ኤ ነበረች። ይቺ ኢምንት የሌላ ዘረ-መል ወረቀት ላይ ትለጠፍና ልብሱ እንዳይሰፋ ታግዳለች። ብዙ ሰው «የትል ጉዳይ ነው» ብሎ አለፈው። በ2000 ሁለተኛዋ ስትገኝ ግን ነገሩ ተለወጠ። ሁለተኛዋ በዝንብም፣ በዓሣም፣ በሰውም ውስጥ አለች። ሁለቱ ሰዎች ኖቤል የተሸለሙት በ2024 ነው፣ ከ31 ዓመት በኋላ።

እነዚህ ማይክሮ አር ኤን ኤ ይባላሉ፤ ባለሙያዎቹ በአጭሩ «ሚር» ይሏቸዋል፣ ቁጥር ጨምረውበት። አሠራራቸው ቀላል ነው። ሚሯ አርጎኖት የሚባል ፕሮቲን ላይ ትሳፈራለች። ከዚያ ፊደሏ የሚገጥምላትን ወረቀት ፍለጋ ትዞራለች። ሙሉ በሙሉ መግጠም የለባትም፤ ከመጀመሪያዋ አካባቢ ያሉት ሰባት ያህል ፊደላት ከገጠሙ ይበቃል። አብዛኛውን ጊዜ የምትለጠፈው በወረቀቱ ጭራ ላይ ነው። ከተለጠፈች ወረቀቱ አይሰፋም፣ ቶሎም ይቀደዳል።

ሰባት ፊደል ትንሽ ስለሆነ አንዷ ሚር በመቶ የሚቆጠሩ ወረቀቶች ላይ ልትለጠፍ ትችላለች። አንዱ ወረቀት ላይም ብዙ ሚሮች ይመጣሉ። ፕሮቲን ከሚያሠሩ ዘረ-መሎቻችን ከግማሽ በላይ የሆኑት በዚህ ዓይነት ቁጥጥር ሥር ናቸው። ቁጥጥሩ ደግሞ እንደ መብራት ማብሪያ ማጥፊያ አይደለም። የሬዲዮ ድምፅ እንደ መቀነስ ነው፤ ትንሽ ከዚህ፣ ትንሽ ከዚያ።

ካንሰር እዚህ ጋ ይገባል። ካንሰር ማለት በመሠረቱ መከፈል የማያቆም፣ መሞት እምቢ ያለ ሕዋስ ነው። ለዚህ የሚዳርጉ ፕሮቲኖች በጤነኛ ሰውም ውስጥ አሉ፤ ልዩነቱ ልካቸው ነው። ልኩን የሚጠብቀው ሲጠፋ ነገሩ ይበላሻል።

ይሄ መጀመሪያ የታየው በደም ካንሰር ነው። አንድ ዓይነት ሥር የሰደደ የደም ካንሰር አለ፤ ከታማሚዎቹ ከግማሽ በላይ በሚሆኑት 13ኛው ክሮሞሶም ላይ አንድ ቁራሽ ተቆርጦ ይጎድላል። ሰዎች ለዓመታት እዚያ ቁራሽ ውስጥ የፕሮቲን ዘረ-መል ፈልገው አጡ። በ2002 ካርሎ ክሮቼና ጆርጅ ካሊን ያገኙት ሁለት ማይክሮ አር ኤን ኤዎች ነበር፤ ሚር-15 እና ሚር-16። በኋላ ሥራቸው ተደረሰበት። ሕዋስ እንዳይሞት የሚከላከለውን ቢ ሲ ኤል 2 የተባለ ፕሮቲን ይገድቡ ነበር። እነሱ ሲጠፉ ገደቡ ተነሳ። ሕዋሱ ዕድሜ ልኩን ኖሮ መሞት ሲገባው አልሞት አለ።

በተቃራኒው የሚሠሩም አሉ። ሚር-21 በብዙ ዓይነት ካንሰር ውስጥ ይበዛል። የሚያግደው ደግሞ ፍሬን የሆኑትን ፕሮቲኖች ነው። ፍሬኑን የሚያላላው ሲበዛ መኪናው ቁልቁል ይሄዳል።

«የወንድሜስ?» አለኝ።

ወደ ጉበት ሄድን። እዚህ ጋ ትንሽ ቆየት እላለሁ፤ ምክንያቱም ጉበት ይሄን ታሪክ ከሞላ ጎደል ሙሉውን ይዞታል።

ጉበት ውስጥ አንዲት የቤት እመቤት አለች፣ ሚር-122። ከጉበት ማይክሮ አር ኤን ኤዎች 70 ከመቶ ያህሉ እሷ ብቻ ናት። ሌላ የሰውነት ክፍል ውስጥ እምብዛም አትገኝም። ጉበትን ጉበት የምታሰኝ ናት ማለት ይቻላል። በብዙ የጉበት ካንሰር ውስጥ መጠኗ ይወርዳል። በ2012 ሁለት የተመራማሪ ቡድኖች ሚር-122 የሌላቸው አይጦች አራቡ። አይጦቹ መጀመሪያ ጉበታቸው ስብ ያዘ፣ ቀጥሎ ጠባሳ አወጣ፣ ሲያረጁ ብዙዎቹ ካንሰር ያዛቸው። አንድም የፕሮቲን ልኬት አልተነካም። የጎደለችው አንዲት ብጣሽ ናት።

ሁለተኛው ጉዳይ እፊታችን በወረቀት ጥቅልል ተቀምጦ ነበር። ኦቾሎኒ፣ በቆሎና ማሽላ እርጥበት እያለው ሲከማች አንድ ሻጋታ ይወጣበታል። ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይሠራል። በምሥራቅ ሐረርጌ ኦቾሎኒ ላይ የተሠሩ ጥናቶችም ይሄን መርዝ አግኝተዋል። መርዙ ጉበት ሲደርስ ይለወጥና ዲ ኤን ኤው ላይ ይጣበቃል። የሚወደው ቦታም አለው። ፒ 53 የሚባል ዘረ-መል አለን፤ ሥራው ሕዋሱ ሲጎዳ «ቁም፣ ተጠገን፣ ካልሆነም ሙት» ማለት ነው። በ1991 የታወቀው ነገር የሚገርም ነው። አፍላቶክሲን በሚበዛባቸው የቻይናና የደቡባዊ አፍሪካ አካባቢዎች በጉበት ካንሰር የታመሙ ሰዎች፣ ብዙዎቹ ፒ 53 ላይ በዚያው በአንድ ቦታ ላይ አንድ ፊደል ተቀይሮባቸዋል። አንድ ፊደል ብቻ።

ፒ 53 ትእዛዙን የሚያስፈጽመው በፕሮቲን ብቻ እንዳልሆነ በ2007 ታወቀ። ሚር-34 የሚባል ማይክሮ አር ኤን ኤ ያስነሳል። ሚር-34 ደግሞ ዞሮ መከፈልን የሚያፋጥኑ ወረቀቶችን ይቀዳድዳል። ፒ 53 ሲበላሽ ሚር-34ም ይጠፋል። አለቃው ሲወድቅ ተላላኪውም ወደቀ።

ሦስተኛው ረጃጅሞቹ ናቸው። ከ200 ፊደል በላይ ሆኖ ፕሮቲን የማይሠራው አር ኤን ኤ «ረጅም» ይባላል። ሥራቸው እንደ ሚር አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ ዲ ኤን ኤው ዘንድ ሄዶ የደብተሩን ገጽ ያጣብቃል። ዚስት የሚባለው በሴቶች ውስጥ ከሁለቱ ኤክስ ክሮሞሶሞች አንዱን እንዳለ ይሸፍነዋል። አንዳንዱ ፕሮቲኖችን ያገናኛል። ጉበት ካንሰር ውስጥ በ2007 የተገኘው ግን ሌላ ነው። ስሙ ሀልክ ነው፤ «በጉበት ካንሰር እጅግ የሚበዛ» የሚለው የእንግሊዝኛ ስሙ ምህጻረ ቃል ነው።

ሀልክ ሚር-372ን ይይዛል። እንደ ስፖንጅ ነው፣ ይመጠዋል። ሚር-372 ነፃ ቢሆን ኖሮ አንድ ፕሮቲን ይገድብ ነበር። አሁን ያ ፕሮቲን ተፈታ። የተፈታው ፕሮቲን ክሬብ የሚባል ሌላ ፕሮቲን ይቀሰቅሳል። ክሬብ ደግሞ ሄዶ የሚቀመጠው የት ነው? ራሱ የሀልክ ዘረ-መል ላይ። ሀልክ በብዛት ይገለበጥ ብሎ ያዛል። ተጨማሪ ሀልክ፣ ተጨማሪ ምጠጣ፣ ተጨማሪ ክሬብ፣ እንደገና ተጨማሪ ሀልክ።

ሰውዬው መቀሱን አስቀመጠ። «አራጣ ነው በለኛ!»

ከዚህ የተሻለ መግለጫ ክፍል ውስጥ ተናግሬ አላውቅም። ወለዱ ወለድ ይወልዳል። በዚህ ላይ ሄፓታይተስ ቢ አለ። የቫይረሱ አንድ ፕሮቲን ሀልክን ከፍ እንደሚያደርግ በ2012 ታይቷል። ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው አፍላቶክሲን ሲጨመርበት አደጋው የሚባዛው በብዙ መንገድ ነው፤ ይሄ ከመንገዶቹ አንዱ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ስፖንጁ ልመለስ፤ ምክንያቱም ስለ አር ኤን ኤና ካንሰር ኢንተርኔት ላይ ከሚጻፈው አብዛኛው ስፖንጅ ነው።

በባጃጅ ላስረዳ። ሸዋ በር ላይ ቆማችሁ ባጃጅ ትጠብቃላችሁ። ዛሬ ግን የለም። ለምን? አንድ ሰርገኛ ያሉትን በሙሉ ተከራይቷቸዋል። ሰርገኛው እናንተን አያውቃችሁም፣ ክፉም አላሰበባችሁም። ግን በሱ ምክንያት በእግራችሁ ሄዳችሁ። ባጃጆቹ ሚሮች ናቸው። ሰርገኛውና እናንተ አንድ ዓይነት ሚር የሚለጠፍባችሁ ሁለት አር ኤን ኤዎች ናችሁ። አንዱ ሲበዛ ሌላው ላይ የሚደርሰው ሚር ያንሳል። ልዩነቱ፣ ሕዋስ ውስጥ ባጃጅ ያላገኘው ነው የሚጠቀመው፤ ሚር ሲመጣበት ይቀደዳልና።

በ2010 የወጣው ምሳሌ ይሄን በደንብ ያሳያል። ፒ ቴን የሚባል የካንሰር ፍሬን የሆነ ዘረ-መል አለን። እሱን የሚመስል፣ ግን ፕሮቲን መሥራት የማይችል ሙት ቅጂም ደብተሩ ውስጥ አለ። ቅጂው ሲገለበጥ ጭራው ከዋናው ጋር ይመሳሰላል። ስለዚህ ፒ ቴን ላይ ሊለጠፉ የነበሩ ሚሮችን ይጋራል፣ ዋናውንም ያተርፈዋል። በአንዳንድ ካንሰሮች ይሄ ሙት ቅጂ ተቆርጦ ይጠፋል። በማግስቱ ዓመት አር ኤን ኤዎች ሁሉ በሚሮች በኩል እርስ በርስ «ይነጋገራሉ» የሚል ሰፊ መላምት ወጣ።

መላምቱ ያምራል። ችግሩ ቁጥሩ ላይ ነው። ሐረር ውስጥ ስንት ባጃጅ አለ? ሰርገኛው የወሰደው ሦስት ከሆነ ማን ያስተውላል? በ2014 ይሄንኑ በአይጥ ጉበት ሕዋስ ውስጥ በሚር-122 የለኩ ሰዎች ነበሩ። ለውጥ ለማየት አንድ ሕዋስ ውስጥ ከ100,000 በላይ ተጨማሪ የመለጠፊያ ቦታ ያስፈልግ ነበር። አንድ ተራ አር ኤን ኤ ይሄን ያህል አይበዛም። ስለዚህ «እገሌ ስፖንጅ ነው» የሚል ጽሑፍ ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው «በሕዋሱ ውስጥ ስንት ነው?» ብዬ ነው። የብዙዎቹ መልስ ዝምታ ነው። በዚህ መስክ በገፍ የታተሙ፣ ስም ብቻ እየተቀያየረባቸው የወጡ፣ በኋላም የተሰረዙ ጽሑፎች ጥቂት አይደሉም። ከላይ የነገርኳችሁን የሀልክን አራጣም ከዚህ ጥያቄ ነፃ አላደርገውም።

ሁሉም ስፖንጅ ግን ሐሰት አይደለም። በ2013 አንጎል ውስጥ ክብ የሆነ አር ኤን ኤ ተገኘ። ጫፍ ስለሌለው ከጫፍ ጀምሮ የሚበላው የለም፣ ረጅም ይኖራል። ለሚር-7 ብቻ ከ70 በላይ መለጠፊያ ቦታ አለው። በጣምም ይበዛል። እዚህ ቁጥሩ ያስኬዳል።

እውነቱ ደግሞ ከመላምቱ የበለጠ ያስደንቃል። በ2018 የአይጥ አንጎል ውስጥ ሳይራኖ የሚባል አንድ ረጅም አር ኤን ኤ ተጠና። ሳይራኖም ሚር-7ን ይይዛል። የሚያደርገው ግን ሌላ ነው፤ ባጃጁን አይከራይም፣ ጎማውን ነቅሎ ይጥለዋል። ሚር-7 እንዲጠፋ ያደርጋል። ሳይራኖን ሲያስወግዱት ሚር-7 በአንዳንድ የአንጎል ክፍሎች ከ40 እጥፍ በላይ ጨመረ። ሚር-7 ሲጨምር ያ ክቡ አር ኤን ኤ ራሱ መጥፋት ጀመረ፤ በሌላ ሚር አማካይነት። ረጅሙ አጭሩን፣ አጭሩ ክቡን፣ በመሐል ሌላ አጭር። ፕሮቲን የማይሠሩ አራት አር ኤን ኤዎች ይገፋፋሉ። አንዱ አር ኤን ኤ ተራ በተራ ብዙ ሚሮችን ካጠፋ በቁጥር መብዛት አያስፈልገውም። በካንሰር ውስጥም ሲፈለግ ማየት የምመኘው ይሄንን ዓይነቱን ነው።

ሰውዬው በዚህ ጊዜ ትዕግሥቱ አለቀ። «ዋርያ፣ መድኃኒቱን ንገረኝ!»

መድኃኒቱ ተሞክሮ ነበር፤ ለጉበት ካንሰር ጭምር። ሐሳቡ ቀጥተኛ ነው። ሚር-34 ጎድሏል፤ እንግዲያውስ ሠርተን በስብ ጠብታ ጠቅልለን በደም ሥር እንስጠው። በ2013 በሰው ላይ ተጀመረ። የመጀመሪያው የማይክሮ አር ኤን ኤ የካንሰር ሙከራ ነበር። ገብተውበት ከነበሩት 85 ሰዎች የሦስቱ ዕጢ በግልጽ አነሰ። አራት ሰዎች ግን ሞቱ፤ የሰውነታቸው የመከላከያ ኃይል ከልክ በላይ ተነስቶባቸው። በ2016 ቆመ።

ይሄን ስነግረው ዝም አለ። እኔም ለጥቂት ጊዜ ዝም አልኩ። ኦቾሎኒ መፈልፈሉን ቀጠልን።

ሙከራው የከሸፈው ሐሳቡ ሞኝነት ስለሆነ አይመስለኝም። አንዷ ሚር በመቶ የሚቆጠሩ ወረቀቶችን እንደምትነካ አስታውሱ። ካንሰሩን ለመምታት የላክናት ጤነኛ ሕዋስ ውስጥም ገብታ መቶ ነገር ትነካካለች። ከውጭ የመጣ አር ኤን ኤ ሲያይም ሰውነት ቫይረስ መጣ ብሎ ይነሳል። ከዚህ የተሻለ የተሳካው አንድ ወረቀት ብቻ ላይ እንዲያነጣጥር የተሠራ አጭር አር ኤን ኤ ነው። በ2018 አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያው ተፈቀደ፤ ጉበት ውስጥ ገብቶ አንድ ፕሮቲን ይቀንሳል። ለካንሰር ግን አይደለም፤ ነርቭን ለሚጎዳ በዘር የሚወረስ በሽታ ነው።

በምርመራ በኩል ትንሽ ይሻላል። ፒ ሲ ኤ 3 የሚባል ረጅም አር ኤን ኤ ፕሮስቴት ካንሰር ውስጥ ይበዛል፣ በሽንትም ይወጣል። አሜሪካ ውስጥ በ2012 ምርመራው ተፈቅዷል፤ ከፕሮስቴቱ ናሙና ተወስዶ ውጤቱ ነፃ የሆነ ወንድ ድጋሚ ይወሰድለት ወይስ ይቅር የሚለውን ለመወሰን ያግዛል። ይኸው ነው። ሌላው አብዛኛው ገና በምርምር ላይ ነው። አንዳንዱም ይገለባበጣል። ማላት 1 የሚባለው በ2003 የሳንባ ካንሰርን ያሰራጫል ተብሎ ታወቀ፤ በ2018 ሌሎች ተመራማሪዎች በጡት ካንሰር አይጦች ላይ መስፋፋትን የሚገታ ሆኖ አገኙት። እንዲህ ያለውን ነገር በዶላር የሚሸጥ ሰው ወይ አላነበበም፣ ወይ አንብቦ ነው።

«ስለዚህ አላመለጠንም» አለ።

«አላመለጣችሁም።»

ማስታወቂያውን አጠፋው። ከዚያ «እኔስ?» አለኝ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ግን ይሄ ከባድ ጥያቄ አልነበረም። ሄፓታይተስ ቢን በደም መመርመር ይቻላል። ክትባቱ በአገራችን ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው በ2007 ነው፤ እሱም እኔም ከዚያ በፊት ነው የተወለድነው። የጉበት ካንሰር ሐኪም ቤት የሚፈለገው በአልትራሳውንድና በደም ምርመራ ነው፤ ቫይረሱ ያለበት ሰው በየጊዜው እንዲታይ ይመከራል። ሚር-122ን የሚለካ ሰው ሐረርም የለም፣ እሱን የሚጠይቅም የለም።

ኦቾሎኒውስ? አፍላቶክሲን በመቁላት ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ብዙው መርዝ የሚሰበሰበው በጥቂት ፍሬዎች ላይ ስለሆነ መልቀም ይጠቅማል። የተጨማደደ፣ የጠቆረ፣ የሻገተ፣ የተሰበረ ይወጣል።

ጥቅልሉን ልብስ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈው። በኖራው እያሰመረ ጨርቅ በሚቆርጥበት ዓይኑ አንድ በአንድ አያቸው። አሥራ አንድ ፍሬ ለየ። መኪናው ላይ ያለው ልጅ ጎንበስ ብሎ አሥራ አንዱን በእጁ አፈሳቸው።

«ለፍየሏ ልስጣት?»

«አቦ ጣለው!» አለው ሰውዬው እኔን ቀድሞ። ከዚያ ወደኔ ዞረ። «ወተቷ ውስጥም ይገባል አይደል?»

ይገባል።